ቅቤ ስለምን ይከረፋል?

ከሆሳዕና መናኸሪያ ወደ አዲስ አበባ በሚነሣው አውቶቡስ፣ በእንሰት ቅጠል የተጠቀለለ ቅቤ ለዘመድ ይዞ የሚሳፈር መንገደኛ አይታጣም። በሀዲያና በከምባታ እናቶች በዊጆ፣ ማለት በቅቤ ማኅበር፣ እየተረዳዱ ለመስቀል የሚያከማቹት ቅቤ የወራት ድካም ነውና፣ ከርፍቶ ሲገኝ ያሳዝናል። ስለዚህ ምክንያቱን ለእመቤቶች ልንገልጽ ወደድን።

ውኃና አጓት የሚያመጡት ብልሽት አንድ ነው። ሁለተኛው አጥፊ ግን የምንተነፍሰው ኦክሲጅን ነው። ብርሃንና ሙቀት ሲያግዙት ስቡን ይነካል፤ የተነካው ሞለኪውል የጎረቤቱን ሃይድሮጅን ይነጥቃል፣ ያም የሚቀጥለውን፤ እንዲህ እያለ እንደ ሰደድ እሳት ይዛመታል። የሚከረፋንም የስብርባሪው ሽታ ነው። መዳብና ብረት ቢነኩት ደግሞ ይብሳል።

የሚያስደንቀው፣ ይኸው ጥፋት በሰውነታችንም መኖሩ ነው። እያንዳንዱ ሕዋስ በድርብ ስስ የስብ ገለፈት የተሸፈነ ነው፤ ሕዋሱ ሲሠራ ከኦክሲጅን የሚወጣው ቁጡ ቅንጣት ይህን ገለፈት ያበላሻል። ዘበኛው በ1922 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የተገኘው ቪታሚን ኢ ነው፤ ራሱን ለነጣቂው ሰጥቶ ሰንሰለቱን ይቆርጣል።

ወደ ቅቤው እንመለስ። አንጥሮ ውኃውንና አጓቱን ማስወገድ፣ ኮሰረትም መጨመር የአያቶቻችን ብልሃት ነው፤ ኮሰረት ኦክሲጅንን የሚከላከል ነገር እንዳለው በላቦራቶሪ ታይቷል። የነጠረውን በደረቅ ዕቃ እስከ አፉ ሞልቶ፣ ከድኖ፣ በጨለማና በቀዝቃዛ ስፍራ ማኖር ይገባል። ለጌጥ ብለው በጠራ ጠርሙስ መስኮት ላይ ያቆሙት እመቤቶች፣ እባካቸው ዛሬውኑ ያንሡት።