ካሣው ለማን ተከፈለ?

ጠዋት ሻያችሁ ውስጥ የምትጨምሩት ስኳር በአንድ ወቅት የሰው ልጅ የተሸጠበት ሸቀጥ እንደነበረ አስባችሁ ታውቃላችሁን? ልጆቻችን አውሮፓ የበለጸገችው በዕውቀቷና በታታሪነቷ ብቻ እንደሆነ፣ ባርነትንም ያስቀረችው አዝና እንደሆነ ሲነገራቸው ያድጋሉ፡፡ ይህ ግማሽ እውነት ነው፡፡ ግማሽ እውነት ደግሞ ከሙሉ ውሸት ይከፋል፡፡

እስቲ ሒሳቡን አብረን እንመርምር፡፡ (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፡፡) ከ16ኛው እስከ 19ኛው ክፍለ ዘመን 12 ሚሊዮን ተኩል ያህል አፍሪካውያን ለአትላንቲክ ጉዞ በመርከብ ተጫኑ፡፡ ከነዚህም ወደ 1.8 ሚሊዮን የሚሆኑት መቃብራቸው ባሕሩ ሆነ፡፡ በ1781 ዞንግ የተባለው የእንግሊዝ መርከብ ሠራተኞች ከ130 የሚበልጡ ሰዎችን ከነሕይወታቸው ወደ ባሕር ወረወሩ፡፡ ጉዳዩ ፍርድ ቤት የደረሰው ግን በነፍስ ግድያ አልነበረም፤ የመርከቧ ባለቤቶች ለጠፋው “ዕቃ” ኢንሹራንስ ይከፈለን ብለው ነው!

የፈረንሳይ ቅኝ ግዛት የነበረችውን ሳን ዶማንግን፣ የዛሬዋን ሃይቲን ተመልከቱ፡፡ በ1780ዎቹ መጨረሻ አውሮፓ ከምትጠቀመው ስኳር 40 በመቶ ያህሉን፣ ከቡናውም ከግማሽ በላይ የምታቀርበው እርሷ ነበረች፡፡ ሸንኮራውን የሚቆርጡት ግማሽ ሚሊዮን የሚጠጉ ባሮች ነበሩ፡፡ በሥራ ብዛት ስለሚያልቁም በየዓመቱ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሌሎች ይጫኑ ነበር፡፡ ናንትና ቦርዶ፣ ሊቨርፑልና ብሪስቶል በዚህ ንግድ ደለቡ፡፡ መርከብ ሠሪው፣ ባንኩና ስኳር አጣሪው ሁሉ ከዚሁ ማዕድ ቆረሱ፡፡

የሃይቲ ባሮች በ1791 ተነሡ፤ በ1804 ነፃነታቸውን አወጁ፡፡ በ1825 ፈረንሳይ የጦር መርከቦች ልካ ለቀድሞዎቹ ጌቶች 150 ሚሊዮን ፍራንክ ክፈሉ አለቻቸው፡፡ ኋላ ወደ 90 ሚሊዮን ቢቀነስም ሃይቲ ለመክፈል ከፈረንሳይ ባንኮች ተበደረች፤ ከዚህ የመነጨው ዕዳም ያለቀው በ1947 ነው፡፡ የተገረፈው ለገራፊው ካሣ ከፈለ!

እንግሊዝስ? በ1833 ባርነትን በሕግ ስታስቀር 20 ሚሊዮን ፓውንድ ካሣ መደበች፡፡ የተከፈለው ለባሪያ አሳዳሪዎቹ ነው፡፡ ባሮቹ አንዲት ሳንቲም አላገኙም፤ እንዲያውም አብዛኞቹ እስከ 1838 ለዚያው ጌታ እንዲያገለግሉ ተገደዱ፡፡ ለካሣው የተወሰደው ብድር ተከፍሎ ያለቀው በ2015 ነው፡፡ በቅንነት የታገሉ እንግሊዛውያን መኖራቸውን አንክድም፡፡ መዝገቡ ግን ይናገራል፡፡

ከተሸጡት መካከል ሙስሊሞችም ነበሩ፡፡ ከፉታ ቶሮ የተወሰደው ኡመር ኢብን ሰዒድ በ1807 ቻርለስተን ላይ ተሸጠ፡፡ በ1831 የሕይወት ታሪኩን በዐረብኛ ጻፈ፡፡ ባሪያ የተባለው ሰው የተማረ ሰው ነበር፡፡

“እኛስ?” የሚል አይጠፋም፡፡ ጥያቄው ተገቢ ነው፡፡ ከገዛ አገራችን ሰው እየፈነገሉ በቀይ ባሕር በኩል ከሸጡት ነጋዴዎች መካከል ሙስሊሞች ነበሩ፡፡ ይህን ሸሽገን የሌላውን ብቻ ብንገልጥ እኛው ሚዛን አጉዳዮች ሆንን ማለት ነው፡፡

እንግዲህ እናቶችና አባቶች ሆይ! ልጃችሁ “ጥቁር ሕዝብ ለምን ደኸየ?” ብሎ ሲጠይቃችሁ ስንፍና ነው አትበሉት፡፡ አስቀምጡና ይህን ሒሳብ አስደምሩት፡፡ ወላሁ አዕለም፡፡