ባለ ሁለት ዓምድ ታሪክ

«የሠራተኛን ታሪክ የሚጽፍ የባለሀብት ጠላት፣ የድርጅትን ታሪክ የሚጽፍ የባለሀብት ወዳጅ ነው» የሚል ብይን በጽሑፍ ሰዎች ዘንድ ደጋግሜ ሰምቻለሁ። ብይኑን አልቀበለውም። እኔ የባንክ ቤት ሰው ነኝ፤ ዴቢቱ ተጽፎ ክሬዲቱ የተዘለለ ሒሳብ እንደማይዘጋ አውቃለሁ።

ምስክሬ ሲድኒ ፖላርድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1925 ቪየና ከአይሁድ ቤተሰብ ተወለደ፤ ናዚዎች ኦስትሪያን በ1938 ከያዙ በኋላ ገና በልጅነቱ ወደ ብሪታንያ ተሻገረ። በ1980 ወደ ጀርመኑ ቢለፌልድ ዩኒቨርሲቲ እስኪሄድ ድረስ፣ ለሠላሳ ዓመታት ያህል የኖረውና የሠራው በብረትና በቢላዋ ሥራ በታወቀችው በሼፊልድ ነበር። በ1959 የዚያችን ከተማ ሠራተኞች ታሪክ አሳተመ። ከስድስት ዓመት በኋላ ደግሞ ስለ ዘመናዊ የሥራ አመራር አጀማመር ጻፈ፤ የመጀመሪያዎቹ ባለፋብሪካዎች ሥራ አስኪያጅ ከየት እንዳገኙ፣ ሒሳብ እንዴት እንደያዙ፣ ፋብሪካ ያለመደውን ሠራተኛ እንዴት እንደገሩ።

ታዲያ ጎራ ለወጠ? በፍጹም! ቀድሞ በ1963 ስለ ፋብሪካ ሥነ ሥርዓት ባወጣው ጥናት ያሳየን ይህንኑ ነው። ቤቱ ተቀምጦ በገዛ ሰዓቱ ይሸምን የነበረው ሰው በደወልና በመቀጮ ተገራ። ከባለቤቱ ወገን ሲታይ ይህ «አመራር» ይባላል፤ ከሸማኔው ወገን ሲታይ የራስን ቀን ማጣት ነው። ድርጊቱ ግን አንድ ነው።

«ባለጉልበትንና ጉልበተኛን በአንድ መጽሐፍ ማስፈር በደልን ማለሳለስ ነው» የሚሉኝ አሉ። ነገሩ ተቃራኒው ነው። በአንዱ ዓምድ የገባ ሳንቲም ከሌላው መውጣቱ ይጻፋል፤ ባለፋብሪካው ያተረፈው ሰዓት ሸማኔው ያጣው ሰዓት መሆኑ የሚታየው ሁለቱ ጎን ለጎን ሲጻፉ ብቻ ነው። የሚያለሳልሰውስ አንዱን ዓምድ የሚደብቅ ነው።

ወደ እኛ ልመለስ። የድርጅቶቻችንን የምሥረታ በዓል መጽሔቶች ግለጡ፤ የሥራ አስኪያጆቹ ፎቶግራፍና የሕንፃው ፎቅ ብዛት አይጠፋም፤ ተላላኪው፣ ገንዘብ ያዡና ጽዳት ሠራተኛዋ ግን «በርካታ ሠራተኞች» በሚሉ ሁለት ቃላት ይሸኛሉ። እኛ ገጣሚዎችስ? ሠራተኛውን ላብና ደም አድርገን እናወድሰዋለን እንጂ ስንት ሰዓት እንደቆመ፣ ስንት ብር እንደተቆረጠበት አንጠይቅም። ካድሬው መጽሔትና ካድሬው ግጥም ሰውየውን እኩል ረስተውታል።

ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ ይባላል። የሚቀጥለውን የድርጅት ታሪክ ለመጻፍ ብዕሩን የሚያነሣ ሁሉ ከትርፍና ኪሣራው መግለጫ ጎን የደመወዝ መዝገቡንም ይክፈት፤ ጡረታ የወጡትንም በሕይወት ሳሉ ይጠይቅ። መዝገቡ ከተቃጠለ፣ ሰዎቹም ካለፉ በኋላ የሚጻፈው ታሪክ የሕንፃ ታሪክ ብቻ ይሆናል።