ጫካ የጠበቀው የካፋ ምሽግ



በካርቲየ 7 ቢስ ምሽግ ልቆፍር የሚል ሰው ቢነሳ ድካሙ ብዙ፣ ትርፉ ጥቂት ይሆናል። ጅቡቲ በባሕር ድንጋይና በጨው ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። ስለዚህ ዛሬ አሳባችንን የቡና አገር ወደ ሆነው ወደ ካፋ ደን እንመልስ፤ የዚያ አፈር ቀይና ጥልቅ፣ ለዶማ እሺ ባይ ነው።

የካፋ ነገሥታት ወሰናቸውን በጥልቅ ጉድባ አጥረው ነበር። በእንዲህ ያለው ምሽግ ከጉድጓዱ የወጣው አፈር በውስጥ በኩል ይከመራል፤ አጥቂው ወርዶ ሽቅብ ሲወጣ የጉድጓዱ ጥልቀትና የክምሩ ቁመት ተደምረው ይጠብቁታል። መግቢያው ዘበኛ የማይለየው በር ነው። ከጎጀብ ወንዝ ማዶ በጅማም ተመሳሳይ ምሽግ ነበረ፤ በሩ «ኬላ»፣ ከበሩ ውጭ ሰው እንዳይሰፍርበት የተተወው መሬት ደግሞ «ሞጋ» ይባል ነበር። ኬላ የሚለውን ቃል ዛሬም ዘብ ስንቆም እንጠራዋለን።

ያን ሁሉ አፈር ማን አወጣው? የነገሥታቱ ስም ሲነገር ይኖራል፤ የቆፋሪዎቹ ግን የለም። ባል ለቁፋሮ ሲጠራ እርሻውንም ልጆቹንም የያዘችው ሚስት ናት ብንል፣ የዘመቻን ነገር የምታውቁ እናንተ እመቤቶች ግምታችንን አትንቁብንም።

በ1897 እ.ኤ.አ. የራስ ወልደ ጊዮርጊስ ሠራዊት በካፋ ላይ ዘመተ፤ የጅማው አባ ጅፋር ጦርም አብሮ ነበር። ጠመንጃ የያዘውን ሠራዊት ጉድባው አልመለሰውም። ንጉሥ ጋኪ ሸሮቾ ግን በደኑ ውስጥ እየተዘዋወረ ወራት ከቆየ በኋላ ነው የተማረከው። ከወታደር ዓይን ስናየው፣ ከቦዩ ይልቅ ጫካው የተሻለ ምሽግ ሆኖታል። የሕዝቡ ጉዳት እጅግ ከባድ ነበር፤ ብዙ መንደር ጠፍ ሆነ። በዚያው ዓመት እዚህ ጅቡቲ ላይ የባቡር ሐዲድ ሥራ ተጀመረ።

ጉድባውን ያቆየልን የዛፍ ሥር ነው፤ ሥር አፈርን ይይዛል። በታረሰ ማሳ ላይ ግን ማረሻና ጎርፍ ቀስ በቀስ ይደፍኑታል። ዩኔስኮ በ2010 እ.ኤ.አ. 760 ሺህ ሄክታር ገደማ የሚሆነውን የካፋ ምድር በባዮስፌር ክልልነት መዝግቧል፤ ሆኖም ደን በተመነጠረ ቁጥር ጉድባውም አብሮ ይሄዳል።

ከቦንጋ አካባቢ የመጣችሁ ጓዶችና እኅቶች፣ አባቶቻችሁ የሚያነሷቸውን የበሮች ስም ጻፉልን፤ በዚሁ ዓምድ እናወጣዋለን።