የቁም ሣጥኑን ጀርባ ያሳዩኝ

ቆቦ ላይ የቤት ዕቃ እሸጣለሁ። ከደንበኞቼ ብዙዎቹ ሱቄን ረግጠውት አያውቁም። ከሮቢት፣ ከጎቢዬ፣ ከዞብል ሥር ተነሥተው በጅቡቲና በየመን በኩል ሳዑዲ የገቡ ልጆች ናቸው። የላኩት ብር መጀመሪያ ቆርቆሮና ሲሚንቶ ይሆናል፤ ቤቱ ከቆመ በኋላ ተራው የሶፋ፣ የቁም ሣጥንና የፍሪጅ ነው። በኢሞ ይደውላሉ፤ እኔም ስልኬን ይዤ ሱቁን አዞራቸዋለሁ።

ስለዚህ ሱቅን በኢንተርኔት ማስጎብኘት ለእኛ ለራያ ሰዎች እንግዳ ነገር ነው የሚለኝ ካለ አልስማማም። አዲሱ መሣሪያው ነው። ዙሪያውን በአንዴ የሚያነሣ ካሜራ ሱቁ ውስጥ ቦታ እየቀያየረ ይቆማል፤ ሶፍትዌር ምስሎቹን ይገጣጥማቸዋል፤ ተመልካቹ በጣቱ እየነካ ከጥግ ጥግ ይሄዳል፣ ዕቃውን ሲነካው ልኩና ዋጋው ይወጣለታል። ማተርፖርት የሚባለው የአሜሪካ ኩባንያ በ2011 እ.ኤ.አ. ተቋቁሞ ስም ያወጣው በዚሁ ሥራ ነው። አዲስ አበባ ያሉ የአፓርታማ ሻጮችማ ገና ያልተሠራ ቤት ሳይቀር በኮምፒውተር እየሣሉ ለዲያስፖራው ሳሎኑን ያስጎበኛሉ። እኛ ቢያንስ ዕቃው በእጃችን አለ።

ጥያቄው ምን ይነሣ ነው። ባለሙያ ቢመጣ ሱቁን አስጠርጎ፣ መብራት አብርቶ የሚያነሣው ፊት ለፊቱን ነው። ሪያድ ያለች አንዲት ደንበኛዬ ግን ለፊት ለፊቱ ደቂቃ አትፈጅም። «ጋሼ፣ እስቲ ሶፋውን ጫን ይበሉት» ትለኛለች። እጫነዋለሁ፤ ስፖንጁ ተመልሶ እስኪነሣ ዝም ብላ ታያለች። ቀጥላ «የቁም ሣጥኑን ጀርባ ያሳዩኝ» ትላለች። አብሽሪ ብዬ ከግድግዳው እስበዋለሁ። በሩ በቫርኒሽ የሚያብለጨልጭ ቁም ሣጥን ጀርባው በሚስማር የተመታ ስስ ኮምፔርሳቶ ሊሆን እንደሚችል ታውቃለች። መሳቢያውን አስከፍታ፣ አዘግታ፣ ደግሞ አስከፍታ ድምፁን ታዳምጣለች። በመጨረሻ ሜትር ታስወጣኛለች፤ የእናቷ ቤት በር ጠባብ ነው። ጉብኝቱ የሚሠራ ከሆነ በዚህች ልጅ ጥያቄ ይሠራ። ጀርባው ይታይ፣ ማጠፊያው ይታይ፣ ልኩ ይጻፍ፣ ስፖንጁ ሲጫን የሚያሳይ አጭር ቪዲዮ ከነድምፁ ይግባበት። ያለዚያ ከግድግዳ ፖስተር አይሻልም።

«ታዲያ ኢሞ እያለ ምን አደከመህ?» ይሉኛል ጓደኞቼ። ሪያድና ቆቦ ሰዓታቸው አንድ ነው፤ ሰው ቤት የምትሠራ ልጅ ግን እፎይ የምትለው እኩለ ሌሊት ካለፈ ነው። ያኔ እኔ ተኝቻለሁ። ደግሞም ሶፋውን ብቻዋን አትገዛውም። ወንድሟ ጅዳ፣ እህቷ ቤሩት ናቸው፤ ሦስቱ ያዋጣሉ፣ በቀለሙም ሦስቱ ይጨቃጨቃሉ። ለያንዳንዳቸው ለየብቻ ስዞር የዋልኩበት ጊዜ አለ።

ኔትወርኩስ? በ2015 ክረምት በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ ኢሞው ለወራት አብሮ ጠፋ። ጉብኝቱ የሚቀመጠው ውጭ አገር ባለ ሰርቨር ላይ ከሆነ ቆቦ ቢዘጋም ሪያድ ይከፈታል። «ይህን ያዙልኝ» ስትል የሚመልስላት ግን አይኖርም፤ ስለዚህ የተራ ስልክ ቁጥር ከዕቃው ጎን ይቀመጥ። ካሜራውን ለየራሳችን መግዛትም የለብንም። አስፋልቱ ዳር ያለን ነጋዴዎች አዋጥተን አንድ ብንገዛ በተራ ይበቃናል።

የከበደን ዋጋ መጻፉ ነው። ፎቶ እንለጥፍና ከሥሩ «ዋጋ በውስጥ መስመር» እንላለን። ይህን ልማድ ይዘን የገባንበት ጉብኝት ገዢዋን ሱቁ ውስጥ አዙሮ አዙሮ ባዶ እጇን ይመልሳታል። ነጋዴው ምክንያት አያጣም። ከሐምሌ 2016 ወዲህ፣ የብር ምንዛሪ በገበያ ይወሰን ከተባለ በኋላ፣ ዛሬ የጻፍነው ዋጋ በሳምንቱ ላያዋጣን ይችላል። እሺ፣ ቀን ይጻፍበት፤ «ይህ ዋጋ እስከ ቅዳሜ ነው» ማለት አይገድም። «ጎረቤት ያየዋል» የሚለውን ግን አልቀበልም። ጎረቤቴ ዋጋዬን ማወቅ ሲፈልግ ልጁን ደንበኛ አስመስሎ ይልክብኛል። እኔም እልክበታለሁ።