ሹመት ሲመጣ ብቻ «የኛ ልጅ»?

ግንቦት 2012 ዓ.ም. ወይዘሮ ፕኒና ታማኖ ሻታ የእስራኤል የስደተኞች አቀባበል ሚኒስትር ሆነው ሲሾሙ «የጎንደሯ ልጅ ሚኒስትር ሆነች!» ብለን ደረታችንን ነፋን። ኢትዮጵያ ተወልዶ እስራኤል ውስጥ ለሚኒስትርነት የበቃ ከሳቸው በፊት አልነበረምና ደስታው አይከፋም። ግን ጎበዝ፣ ከጭብጨባው በፊት ሒሳብ እናወራርድ!

ሴትዮዋ የተወለዱት ጎንደር፣ ውዛባ በምትባል መንደር ነው። በ1977 ዓ.ም. በሱዳን በኩል በዘመቻ ሙሴ ሲወጡ የ3 ዓመት ሕፃን ነበሩ። በዚያ የእግር መንገድና በሱዳን መጠለያዎች ያለቀው ወገናቸው 4 ሺህ ገደማ እንደሚሆን ይገመታል። ለምን ወጡ? የኢየሩሳሌም ናፍቆት አለ፣ አይካድም። ግን አያቶቻቸው ርስት ተነፍገው፣ ብረት ቀጥቅጠው፣ ሸክላ ሠርተው ሲያበቁ «ፈላሻ»፣ «ቡዳ» የተባሉት የት ነው? እዚሁ፣ በኛው አገር! ማረሻውን ወስደን አረስንበት፤ የሠራውን ሰው ግን ሸሸነው።

እስራኤልም ብትሆን በአበባ አልተቀበለቻቸውም። ቤተ እስራኤላውያን የለገሱት ደም በስውር ሲደፋ መኖሩ በጥር 1988 ዓ.ም. ተጋለጠና በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች ኢየሩሳሌም ላይ አደባባይ ወጡ። ታኅሣሥ 2006 ዓ.ም. ደግሞ ወይዘሮ ፕኒና የፓርላማ አባል ሆነው፣ እዚያው ፓርላማ ውስጥ ደም ልስጥ ቢሉ ኢትዮጵያ በመወለዳቸው ተከለከሉ። ሕግ ለማውጣት የበቃች ሴት ደም ለመስጠት አልበቃችም!

እሳቸው ግን ጠበቃም ጋዜጠኛም ናቸውና አፋቸውን አልዘጉም። ሰባት ዓመት ሳይሞላ ሚኒስትር ሆኑ። ኅዳር 2013 ዓ.ም. ራሳቸው ኢትዮጵያ መጥተው ዓመታት ሲጠብቁ ከኖሩት መካከል የመጀመሪያዎቹን ተጓዦች ይዘው ተመለሱ። ታኅሣሥ 2015 ዓ.ም. ከወንበሩ ሲወርዱም ወገናቸውን ረስተው ነበር የሚላቸው የለም። ሹመት ማለት እንዲህ ነው፤ ወንበሩን ማሞቅማ ማንም ያሞቀዋል።

እኔ በበኩሌ «የኛ ልጅ» ማለት ዕዳ አለበት ባይ ነኝ። ዛሬም በየገጠሩ ቀጥቃጩን፣ ሸክላ ሠሪዋን፣ ፋቂውን በጎሪጥ የሚያይ፣ ልጁን ለነሱ ልጅ የማይድር ሞልቷል። ከነዚያ ቤቶች ስንት ሚኒስትር፣ ስንት ዳኛ ቀረብን? ባሕር ተሻግሮ የተሾመን ማወደስ ወጪ የለውም። እዚህ ያለውን ቀጥቃጭ እናክብር፣ ልጁንም ለወንበር እናብቃ። ያን ጊዜ «የኛ ልጅ» ማለት ያምርብናል!