አምፕሊፋየርና ስፒከር ሲጋቡ

ከደመወዝ ተቆጥቦ የተገዛ ስቴሪዮ በአንድ የበዓል ምሽት ተቃጥሎ ሲቀር ያንገበግባል። ብዙውን ጊዜ ግን ጥፋቱ የዕቃው ሳይሆን የአመራረጡ ነው።

አምፕሊፋየር ለመግዛት ሲያስቡ በቅድሚያ ቤት ያለውን ስፒከር አዙረው ከጀርባው የተጻፈውን ቁጥር በወረቀት ይያዙ። ኦም የሚለው 4፣ 6 ወይም 8 ሊሆን ይችላል። በአምፕሊፋየሩም ጀርባ ስንት ኦም እንደሚችል ተጽፏል። የስፒከሩ ኦም ከዚያ ካነሰ አምፕሊፋየሩ ከአቅሙ በላይ ስለሚሠራ ይግላል፤ ሊቃጠልም ይችላል። ባለ 8 ኦም ሁለት ስፒከሮች በአንድ መሰኪያ ላይ ጎን ለጎን ሲቀጠሉ 4 ኦም እንደሚሆኑም አይዘንጉ።

ዋትን በተመለከተ «ትልቁ ይሻላል» የሚሉ ሻጮች አይጠፉም። ይሁን እንጂ ከ50 ወደ 100 ዋት መውጣት ድምፁን የሚጨምረው በ3 ዴሲቤል ብቻ ነው፤ ጆሮ የሚለየው በጥቂቱ ነው። ስለዚህ ከስፒከሩ ዋት ጋር የሚቀራረብ ይበቃል። በሌላ በኩል አነስተኛውን አምፕሊፋየር እስከ መጨረሻው ከፍቶ ማስጮህ ቀጭኑን ድምፅ የሚያወጣውን የስፒከር ክፍል ያቃጥላል። ድምፁ መሻከር ሲጀምር ወዲያው ይቀንሱ፤ ልጆችንም ይህንኑ ያስተምሩ።

ለማያስፈልግ ዋት ያልወጣው ገንዘብ ለልጆች ደብተር መግዣ ይሆናል።