«ልጄ ምን ይማር?» ለሚሉን አባት



ባለፈው ሰሞን ከዒሻ ሶላት በኋላ አንድ አባት ልጃቸውን ይዘው ወደ እኛ መጡ። ልጁ የዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዓመቱን ጨርሶ ዲፓርትመንት የሚመርጥበት ጊዜ ደርሶበታል። አባትየው ወረቀቱን ዘርግተው «ኡስታዝ፣ የትኛውን ቢማር ነው እዚሁ ኮምቦልቻ ሥራ የሚይዘው? እኔ እያረጀሁ ነው፤ ከአጠገቤ ባይርቅ ደስ ይለኛል» አሉን። እኛም «እስኪ ነገ እንነጋገር» ብለን ሸኘናቸው።

እንደ ድሮው ቶሎ መመለስ ያቃተን ያለ ምክንያት አይደለም። በ2006 ዓ.ም፣ ኢማማችንን ማገዝ በጀመርንበት ሰሞን፣ ሌላ አባት ይህንኑ ጠይቀውን ነበር። በዚያን ጊዜ አገሩ ሁሉ ግንባታ በግንባታ ነው። ባቡር ሊመጣ ነው፣ ፋብሪካ ሊተከል ነው ይባላል። መንግሥትም ከ2000 ዓ.ም ገደማ ጀምሮ ከመቶ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ 70ው በተፈጥሮ ሳይንስና በቴክኖሎጂ፣ 30ው በማኅበራዊ ሳይንስ እንዲማር ወስኖ ነበር። እኛም ሳናቅማማ «ሲቪል ምህንድስና ይግባ» አልን። ልጁ ጎበዝ ነበር፤ ገባ፤ በ2011 ዓ.ም ተመረቀ። በዓመቱ ኮሮና መጣ። ከዚያ ጦርነቱ መጣ፤ በ2014 ዓ.ም ከተማችን ራሷ የጦርነቱ መንገድ ላይ ወደቀች፣ ፋብሪካዎቿ ተዘረፉ። የተጀመረው ፎቅ ሁሉ ብረቱ ወደ ሰማይ እንደቆመ ቀረ። ልጁ ዛሬ ባጃጅ ይነዳል።

ባጃጅ መንዳት ነውር የለበትም፤ ሐላል እንጀራ ነው። ግን 5 ዓመት የለፋበት ይህ አልነበረም። አባትየው አንድ ቀን እንኳ አልወቀሱንም። ጁሙዓ ላይ እጃቸውን ሲዘረጉልን ግን ዓይናቸውን ማየት ይከብደናል።

ስለዚህ ወንድሞች፣ ይህን ጉዳይ ደጋግመን አሰብንበት። ሲቪል ምህንድስና መጥፎ ትምህርት ሆኖ አይደለም። ጥፋቱ የኛ ነው፤ አገሩ ምን እያለ እንደሆነ ሰምተን፣ ከተማችን ስንት ሰው መቅጠር እንደምትችል ሳናይ መከርን። በትንሽ ከተማ ሁለት ነገር አብሮ መታየት አለበት። አንደኛ፣ ይህ የትምህርት መስክ እዚህ ስንት ቀጣሪ አለው? ሁለተኛ፣ ተማሪው ከወረቀቱ ሌላ በእጁ ምን መሥራት ይችላል? እነዚህን ሳንጠይቅ «ይህ ጥሩ ትምህርት ነው» ብንል ባዶ ቃል ነው።

የማስታወቂያ ሰሌዳ ፊት ቆሞ የሚያውቅ ወጣት የምንለውን ይረዳል። «ተፈላጊ የትምህርት ዓይነት፦ አካውንቲንግ፤ ብዛት፦ 1፤ የሥራ ልምድ፦ 2 ዓመት» ይላል። «0 ዓመት» የሚል ከወጣማ ከደሴም፣ ከሐይቅም፣ ከከሚሴም ሰው ይጎርፋል። አዲስ አበባ ላይ አንዱ በር ቢዘጋ ሌላ ይንኳኳል። እዚህ ግን ለአንዳንዱ መስክ በከተማው ሙሉ ያለው በር አንድ ነው፤ እዚያ ወንበር ላይ የተቀመጠው ሰው ጡረታ እስኪወጣ ሌላ አይከፈትም።

ኮምቦልቻ ከደሴ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ የምትርቅ፣ ፋብሪካ ያለባት ከተማ ናት። የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው፣ የብረት ሥራው፣ የዱቄት ፋብሪካው፣ የቆዳ ሥራው፣ ደረቅ ወደቡ፣ ከ2009 ዓ.ም ጀምሮ ደግሞ የኢንዱስትሪ ፓርኩ አለ። የወሎ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩትም እዚሁ ነው። ከሌላ ትንሽ ከተማ ጋር ሲተያይ አላህ የሰጠን ብዙ ነው። ይህም ሆኖ የትምህርት መስኮቹን በከተማችን ዓይን ስናያቸው በሦስት ይከፈላሉ።

የመጀመሪያው ብዙ ዓይነት ቀጣሪ ያለው መስክ ነው። ሒሳብ አያያዝ፣ ፋርማሲ፣ ነርስነት፣ ኤሌክትሪክ፣ የማሽን ጥገና፣ የመኪና መካኒክነት ከዚህ ይመደባሉ። ኤሌክትሪክ የሚችል ሰው ፋብሪካ ባይቀጥረው የሰው ቤት መስመር ይዘረጋል። ሒሳብ የሚያውቅ መንግሥት ባይወስደው ነጋዴ ይፈልገዋል። ተመራቂው ብዙ ስለሆነ እዚህም ሽሚያ አለ፤ ቢሆንም አንዱ በር ሲዘጋ የሚሞከር ሌላ በር አለ።

ሁለተኛው ቀጣሪው ከሞላ ጎደል መንግሥት ብቻ የሆነ መስክ ነው። ጂኦግራፊ፣ ታሪክ፣ ሥነ ዜጋ፣ አስተዳደር የተማረ ልጅ እዚህ ከተማ ውስጥ የሚጠብቀው ትምህርት ቤትና ቢሮ ነው። በጀት ሲጠብ ቅጥር ይቆማል፤ ቅጥር ሲቆም የልጁ ዕድሜ አይቆምም።

ሦስተኛው ወቅት የሚያነሳውና የሚጥለው መስክ ነው። ግንባታን አይተናል። የልብስ ስፌቱም እንዲሁ ነው። ፓርኩ ሲከፈት ብዙ እህቶቻችን ማሽን ላይ ተቀመጡ። ከዚያ ጦርነቱ መጣ፤ በዚያው ላይ አሜሪካ አጎዋ የሚባለውን ከቀረጥ ነፃ የገበያ ዕድል ከጥር 2022 እ.ኤ.አ ጀምሮ ለኢትዮጵያ አቋረጠች። ኮምቦልቻ ውስጥ እጅጌ የምትሰፋ ልጅ እንጀራዋ ዋሽንግተን ላይ በሚፈረም ወረቀት እንደሚወሰን ማን ነግሯት ያውቃል?

የሠፈራችን አንዲት እህት በማኔጅመንት ተመርቃ ሦስት ዓመት ሥራ ፈለገች። በመጨረሻ ዲግሪዋን ሳጥን ውስጥ ቆልፋ፣ የ10ኛ ክፍል ካርዷን ብቻ አሳይታ፣ ስፌት ቤት ኦፕሬተር ሆና ገባች። ዲግሪ እንዳላት ቢያውቁ «ቶሎ ትለቃለች» ብለው እንዳይመልሷት ፈርታ ነው። እናቷ ይህን ሲያዩ ታናሿን ወደ ዓረብ አገር ለመላክ ደላላ ማነጋገር ጀመሩ። «ትልቋ ተምራ ምን አገኘች?» አሉን። ያን ዕለት የምንመልሰው አልነበረንም። የትምህርት መስክ ጉዳይ የወረቀት ጉዳይ ብቻ የማይሆነው ለዚህ ነው። የታላቂቱ ምርጫ ሲሳሳት የታናሺቱ ዕድሜ ይከፈልበታል።

አሁን ወደ ሁለተኛው ጥያቄ፣ ወደ እጅ እንምጣ። በአንድ ዓመት በሜካኒካል ምህንድስና የተመረቁ ሁለት ልጆች እናውቃለን። አንዱ በየክረምቱ አንድ ቶርኖ ቤት እየሄደ ያለ ክፍያ ይሠራ ነበር። ልብሱ ግራሶ ጠጥቶ ሲመጣ ጓደኞቹ ይስቁበታል። ሲመረቅ የቶርኖ ቤቱ ባለቤት ለሚያውቋቸው የፋብሪካ ሰዎች «ይህን ልጅ እጁን አይቼዋለሁ» አሉለት፤ በጥገና ክፍል ተቀጠረ። ሌላው በነጥብ ይበልጠው ነበር። እስከ ዛሬ ዶክመንቱን ኮፒ እያስደረገ ይዞራል። መስካቸው አንድ ነው፤ የለያያቸው ያ ክረምት ነው።

«እንግዲያስ ሁሉም ቴክኒክና ሙያ ይግባ» የሚሉን ይኖራሉ። እሱም ብቻውን መድኃኒት አይሆንም። ደረጃ 4 ይዞ፣ የብቃት ምዘናውን አልፎ፣ ማሽኑን ግን በሥዕል እንጂ በእጁ የማያውቅ ልጅም አይተናል። በሌላ በኩል የእጅ ሙያን የሚንቅ አፍ ከመካከላችን አልጠፋም። ቀጥቃጭ፣ ሸማኔ፣ ፋቂ እያልን ስንሰድብ አድገናል። ነቢዩላህ ዳዉድ (ዐ.ሰ) ጥሩር የሚሠሩ፣ ነቢዩላህ ዘከሪያ (ዐ.ሰ) አናጢ እንደነበሩ በኪታብ የቀራን ሰዎች ይህን ስድብ በዝምታ ማለፍ አይገባንም ነበር።

ስለ ሌላው ስናወራ የራሳችንን መስክ መደበቅ የለብንም። እኛም መስክ አለን። ዓመታት ነሕው፣ ሰርፍ፣ ፊቅህ ቀርተናል። ደረሳ ሆነን ከሸኽ ሸኽ ዞረናል። አልሐምዱሊላህ፣ አንቆጭም። ግን ማስታወቂያ ሰሌዳው ፊት ብንቆም የኛን ዕውቀት የሚጠራበት ስም የለውም።

ከወለድ ነፃ የባንክ አገልግሎት በ2004 ዓ.ም ገደማ በመመሪያ ሲፈቀድ፣ ከ2013 ዓ.ም ወዲህም እንደ ዘምዘምና ሒጅራ ያሉ ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነፃ የሆኑ ባንኮች ሥራ ሲጀምሩ ብዙዎቻችን ተስፋ አደረግን። ሙራበሓን፣ ሙዷረባን፣ ሙሻረካን ከኛ በላይ ማን ያውቃል አልን። አብረውን ከቀሩት አንዱ በእርግጥ ተቀጠረ። ከሁላችን ጎበዙ እሱ አልነበረም። ጎበዙ ሌላ ነው፤ የፊቅህ ኪታቡን ገጽ በገጽ ያውቀዋል፣ ግን ትምህርት ቤቱን 8ኛ ክፍል ላይ ትቶታል። የተቀጠረው ቀን እየቀራ ማታ ማታ አካውንቲንግ የተማረው ነው። ባንኩ የጠየቀው ሁለቱንም ስለነበር ሁለቱን የያዘውን ወሰደ። በዚህ ባንኩን አንወቅስም። ለደረሶቻችን «ዱንያዊውን ትምህርት ተዉት» ስንል የኖርነውን ግን እንወቅሳለን፤ እኛንም ጨምሮ።

አንዳንድ ወንድሞች «ሪዝቅ ከአላህ አይደለም ወይ? ይህ ሁሉ ስሌት ምንድን ነው?» ይሉናል። ሪዝቅ ከአላህ ነው፤ ሰበብ መፈለግ ግን በኛ ላይ ነው። ገበሬው ዝናቡን ከአላህ ይለምናል፣ መሬቱ ጥቁር ይሁን አሸዋ ግን ራሱ አይቶ ነው ዘር የሚመርጠው። ሌሎች ደግሞ «ዕውቀት ለእንጀራ ብቻ ነው ወይ?» ይሉናል። አይደለም። ታሪክ የሚወድ ልጅ ታሪክ ይማር። ግን ሳይገባ በፊት እውነቱን እንንገረው፤ እዚህ ከተማ የሚጠብቀው መደብ ጥቂት ነው፣ ምናልባት ርቆ መሄድ ሊኖርበት ነው፣ ከጎኑ አንድ የሚያበላ ሙያ ቢይዝ ይበጀዋል። ያን ሰምቶ ከመረጠ ምርጫው የራሱ ነው።

«ዘመድ የሌለው አይቀጠርም» የሚለውም ሐሜት ብቻ አይደለም። ትንሽ ከተማ ውስጥ ሥራ በአፍ ነው የሚዞረው። ከጀማዓችን የመቅጠር ሥልጣን ያላችሁ፣ ወንበሩ አማና መሆኑን አትርሱ። የወንድማችሁን ልጅ ስታስገቡ የተሻለውን የድሃ ልጅ ገፍታችሁ ከሆነ ነገ ትጠየቁበታላችሁ።

እንግዲህ መስጂዳችን ምን ያድርግ? አራት ነገር እንላለን።

አንደኛ፣ የጀማዓችንን ተመራቂዎች በየመስካቸው እንመዝግብ። በየሠፈሩ ስንት ነርስ፣ ስንት ኤሌክትሪሻን፣ ስንት የሒሳብ ሠራተኛ ሥራ ፈትቶ እንደተቀመጠ የሚያውቅ ሰው የለም። ሠራተኛ የሚፈልግ ነጋዴ ግን በየሳምንቱ «ታማኝ ልጅ ካላችሁ» እያለ ይጠይቀናል።

ሁለተኛ፣ ጋራዥ፣ ቶርኖ ቤት፣ ፋርማሲ፣ ብረታ ብረት ቤት ያላችሁ ወንድሞች በየክረምቱ አንድ አንድ ተማሪ ተቀበሉ። ደመወዝ ባትሰጡት ምሳውን አብሉት፣ እጁን አስለምዱት።

ሦስተኛ፣ ዘካ። የሻፊዒይ መዝሀብ ዑለማዎች ሙያ ላለው ችግረኛ የመሥሪያ ዕቃው መግዣ ከዘካ እንደሚሰጠው ጽፈዋል። በየረመዷኑ ለአንድ ቤት የሁለት ሳምንት ዱቄት ከምናድል፣ ከፊሉን ስፌት ለምትችል እህት የስፌት መኪና፣ ለበያጁ ወንድም የብየዳ ማሽን ብንገዛበት በሚቀጥለው ዓመት ከተቀባይ መዝገብ ስማቸው ይወጣል፣ ኢንሻአላህ።

አራተኛ፣ ደረሶቻችን ማታ መደበኛ ትምህርታቸውን ይጨርሱ። መድረሳውን የምንመራ ሰዎች ሰዓቱን እናመቻችላቸው።

ወደዚያ አባት እንመለስ። በማግስቱ ሲመጡ «ይህን ይማር» አላልናቸውም። አባትና ልጅን ይዘን ወጣን። መጀመሪያ ማስታወቂያ ሰሌዳው ፊት ቆምን፤ ልጁ ከወረቀቱ ላይ ያሉትን መስኮች አንድ በአንድ ፈለጋቸው፤ ሦስቱን ጭራሽ አጣቸው። ከዚያ ቶርኖ ቤት ገባን፣ ከአንድ ፋርማሲ ባለቤት ጋር ተነጋገርን፣ ከጀማዓችን ፋብሪካ ውስጥ የሚሠራ ሒሳብ ሠራተኛ አገኘን። «እናንተ ጋ በዓመት ስንት ሰው ትቀጥራላችሁ? ምን የሚችል ነው የምትፈልጉት?» ብሎ የሚጠይቀው ልጁ ራሱ ሆነ።

ስንመለስ አባትየው ብዙ መንገድ ዝም ብለው ሄዱ። መስጂዱ ጋ ስንደርስ «ኡስታዝ፣ ከአጠገቤ ይሁን ስል ልጄን ልጎዳው ነበር እንዴ?» አሉን። እኛም «ከአጠገብዎ ሊሆን ይችላል፤ ከራቀም የሚበላበት ሙያ ይዞ ይሂድ» አልናቸው። ልጁ ኤሌክትሪካልን አንደኛ አድርጎ ሞላ። ክረምቱን የት እንደሚያሳልፍም ከቶርኖ ቤቱ ባለቤት ጋር ተነጋግሯል። ትክክል መርጦ እንደሆነ አላህ ያውቃል። በ2006 ዓ.ም እንደመከርነው ልጅ ግን በሰው ወሬ አልመረጠም።

እናንተም ዘንድ ይህን ወረቀት ይዞ የተቀመጠ ልጅ ካለ፣ ከመሙላቱ በፊት አንድ ቀን ከተማውን አዙሩት። ልምድ ያላችሁ ደግሞ በየመስካችሁ ያያችሁትን ጻፉልን፤ ለሌላው ወላጅ ይጠቅማል።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።